ከፍሎ የተቀመጠ ሰው እየተጎተተ ይውረድ?

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ የማወጋችሁ ጉድ ግን የተሰማው በሚያዝያ ነው። ቀኑ ሚያዝያ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 2017)፣ ያውም የሆሳዕና እሑድ ነበር። ቦታው ቺካጎ፣ ኦሄር አይሮፕላን ማረፊያ ነው። አንድ የ69 ዓመት ሐኪም ከባለቤቱ ጋር ወደ ሉዊቪል ሊሄድ በዩናይትድ ኤክስፕረስ በረራ ቁጥር 3411 ተሳፈረ። ትኬቱን ገዝቷል። ተፈትሾ አልፏል። ስሙ ተመዝግቦ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ ከመንገደኛ ምን ይጠበቃል? ምንም!

ሰዎቹ ግን መጡና «አራት ሰው ይውረድልን» አሉ። ለምን? በማግሥቱ ከሉዊቪል ሌላ በረራ የሚያንቀሳቅሱ አራት የአየር መንገድ ሠራተኞች መሳፈር ነበረባቸው። መጀመሪያ ለሚወርድ ሰው የ400 ዶላር የጉዞ ኩፖን እንሰጣለን ተባለ። ሰው ዝም አለ። ወደ 800 ከፍ አደረጉት። አሁንም ዝም። ከዚያ በኋላ ዋጋ መጨመሩን ተዉትና ኮምፒዩተሩ አራት ሰዎች መረጠ። ሦስቱ እያጉረመረሙ ወረዱ። ሐኪሙ ግን በማግሥቱ የሚያያቸው ሕመምተኞች እንዳሉት ተናግሮ አልወርድም አለ። የጸጥታ ሰዎች ተጠሩ። ሽማግሌው ከወንበሩ ተነቅሎ፣ እጁን ተይዞ፣ አፉ እየደማ፣ መነጽሩ ፊቱ ላይ ተንጋዶ በመተላለፊያው ወለል ላይ እንደ ጆንያ ተጎተተ። ጠበቃው በኋላ እንደገለጹት አፍንጫው ተሰብሯል፣ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፣ ጭንቅላቱም ላይ ጉዳት ደርሷል። ይህ ሁሉ የደረሰበት የገዛው ወንበር ላይ በመቀመጡ ነው።

እንግዲህ አንዳንዱ አንባቢ «ታዲያ የፈረንጅ ጠብ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ታገሱኝ። ነገሩ የወንበር ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። አየር መንገዶች ካላቸው ወንበር በላይ ትኬት ይሸጣሉ። ምስጢር አይደለም፣ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ሕግ አይከለክለውም። ምክንያታቸውም እንዲህ ነው፦ ሁልጊዜ ትኬት ቆርጦ የሚቀር ሰው አለ። ባዶውን የበረረ ወንበር እንደ ባጀ እንጀራ ነገ አይሸጥም፣ ከሰረ በቃ። ስለዚህ ስንት ሰው እንደሚቀር በስሌት ይገምቱና ያንን ያህል ትርፍ ይሸጣሉ። ግምቱ ሲሰምር ማንም አይሰማም። ሳይሰምር ደግሞ መቶ ወንበር ላይ መቶ ሦስት ሰው ይመጣል። ኩባንያው ቁማር ተጫውቷል ማለት ነው። ሲያሸንፍ ትርፉ የራሱ ነው። ሲሸነፍ ግን ዕዳውን ማን ይክፈል? መንገደኛው! ይህ ነው እንግዲህ የነገሩ ሥር።

የሚገርመው ደግሞ የዚያን ቀኑ አይሮፕላን ትርፍ ሰው እንኳ አልተሸጠበትም ነበር። ሞልቶ ነበር እንጂ አልተረፈም። ኩባንያው ራሱ በኋላ ይህንን አምኗል። የጎደለው ለራሱ ሠራተኞች የሚሆን ቦታ ነበር፣ ያንንም አስቀድሞ ማዘጋጀት የራሱ ሥራ ነበር። ሉዊቪል ከቺካጎ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ነው። አራት ሠራተኛ መኪና ተከራይቶ መላክ አይቻልም ነበር? ይቻል ነበር። ግን ማን ይጨነቃል? የተሳፈረውን ማስወረድ ይቀላል!

«ኮምፒዩተሩ መረጠ» የሚለው ቃልም ራሱ ይጣራልኝ። ሲሰሙት ዕጣ ይመስላል፣ እንደ ዕድል ነገር። ዕጣ ግን አይደለም። በኩባንያው ደንብ የሚታየው ምን ያህል ከፍለህ እንደ ገባህ፣ የዘወትር ደንበኛ መሆን አለመሆንህ፣ ስንት ሰዓት እንደ ተመዘገብክ ነው። አካል ጉዳተኛና ብቻውን የሚጓዝ ሕፃን በመጨረሻ ነው የሚነካው፣ ይህ ደግ ነው። ከዚህ ውጭ ግን ቀድሞ የሚወርደው ርካሽ ትኬት የቆረጠው፣ ባለ ወርቅ ካርድ ያልሆነው ሰው ነው። ውረድ ሲባል ድሃው ቀድሞ እንዲነሳ ማሽኑ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ «እኛ አይደለንም፣ ኮምፒዩተሩ ነው» ይባላል። ኮምፒዩተሩን ማን አስተማረው ታዲያ?

መፍትሔው ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ መፍትሔው ከተነገረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጁሊያን ሳይመን የሚባል የኢኮኖሚ ምሁር «ሰው ከመጣል ጨረታ አውጡ፤ በየትኛው ዋጋ እንደሚቀር መንገደኛው ራሱ ይናገር» ብሎ ጻፈ። አየር መንገዶቹ ሳቁበት። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ የሸማቾች መብት ተሟጋቹ ራልፍ ናደር ከዋሽንግተን ወደ ሃርትፎርድ ሊበር ትኬቱን ይዞ ሲመጣ አይሮፕላኑ ሞልቷል ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳድቦ ይመለስ ነበር። ናደር ግን ከሰሰ! ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደና እ.ኤ.አ. በ1976 ፍርድ ቤቱ፣ መንገደኛ «ትርፍ እንደምትሸጡ ደብቃችሁ አታለላችሁኝ» ብሎ በመደበኛ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ያኔ በአልፍሬድ ካን ይመራ የነበረው የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ቦርድ፣ ማንም በግድ ከመቅረቱ በፊት መጀመሪያ ፈቃደኛ ይፈለግ የሚል ደንብ አወጣ። ስለዚህ ቺካጎ ላይ ዋጋው 800 ዶላር ሲደርስ መቆሙ የሕግ ትእዛዝ አልነበረም። 1,000 ቢሉ፣ 1,500 ቢሉ፣ አንድ ሰው እጁን ማውጣቱ አይቀርም ነበር። ጥቂት መቶ ዶላር ለመቆጠብ የሽማግሌ ጥርስ አወለቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ኃላፊው ማነው? አይሮፕላኑ ላይ የተጻፈው የዩናይትድ ስም ነው። የሚያበርረው ግን ሪፐብሊክ የተባለ ሌላ ኩባንያ ነው። የጎተቱት ደግሞ የቺካጎ ከተማ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የጸጥታ ሠራተኞች ናቸው። እንግዲህ ፈልጉ! ስሙን ያከራየው «እኔ አልነካሁትም» ይላል። የሚያበርረው «ደንብ ነው» ይላል። የጎተተው «ተጠርቼ ነው» ይላል። ይህንን ዘፈን እኛ አናውቀውም? «ከበላይ ታዝዤ ነው» የሚል መልስ ያልሰማ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ!

የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ኦስካር ሙኞዝ በማግሥቱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? መንገደኞቹን «በሌላ በረራ ማመቻቸት» ስላስፈለገን ይቅርታ አሉ። ማመቻቸት! ደም የለ፣ ጥርስ የለ፣ ማመቻቸት ብቻ። በዚያው ቀን ለሠራተኞቻቸው በጻፉት ደብዳቤ ደግሞ ተጎታቹን ሰውዬ ረባሽና ጠበኛ አደረጉት። እኚህ ሰው ከአንድ ወር በፊት ፒአርዊክ በተባለ መጽሔት የዓመቱ ምርጥ ተግባቢ ተብለው ተሸልመው ነበር። እኔ በዚህ አልስቅም። እኛም አገር ቤቱ በላዩ ላይ የፈረሰበት ሰው «የልማት ተነሺ» ነው የሚባለው። ሲሰሙት በገዛ ፈቃዱ ብድግ ያለ ይመስላል። የሚያፈናቅል ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ለስላሳ ቃል ነው። ዱላው ቀጥሎ ይመጣል።

የሙኞዝ ቋንቋ የተለወጠው መቼ ነው? ተሳፋሪዎች በስልካቸው የቀረጹት ፊልም ዓለምን ከዞረና የኩባንያው አክሲዮን ወርዶ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ከዋጋው ከተቀነሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ «ማንም ሰው እንዲህ መያዝ የለበትም፣ ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ እንወስዳለን» ተባለ። በወሩ መጨረሻ ከሐኪሙ ጋር ገንዘቡ ባልተገለጸ ስምምነት ታረቁ። ለፈቃደኛ ተሳፋሪ የሚከፈለው ጣሪያ ወደ 10,000 ዶላር ከፍ አለ። ያ ሁሉ ገንዘብ ሚያዝያ 1 ቀን የት ነበር? ከጸጥታ ሠራተኞቹ ሁለቱ በዚያው ዓመት ከሥራ ተባረሩ። የምክር ቤት አባላትም ሥራ አስኪያጁን ጠርተው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕግ ወጣ፣ በ2021 ደግሞ በደንብ ጸና። የመሳፈሪያ ወረቀቱ በር ላይ ተቀባይነት ያገኘን መንገደኛ ደኅንነትን፣ ጤናን ወይም አስነዋሪ ጠባይን በመሰለ ምክንያት ካልሆነ በቀር በግድ ማስወረድ ተከለከለ። አንድ ሰው ጥርሱን ከፍሎ ለሌላው ወንበር ገዛ ማለት ነው።

በሌላ በኩል የሚነሳ ክርክር አለ፣ ልሸሸው አልፈልግም። «አይሮፕላን ውስጥ የሠራተኛው ትእዛዝ ካልተከበረ ሁሉም አደጋ ላይ ይወድቃል» ይላሉ። እውነት ነው። ሰክሮ የሚደባደብ፣ ሌላውን የሚያስፈራራ ሰው ይውረድ፣ እኔም አጨበጭባለሁ። ነገር ግን ያ ሽማግሌ ማንን አስፈራራ? «ውረድ» የተባለው ለደኅንነት አልነበረም፣ ለኩባንያው ፕሮግራም ነበር። የንግድ ጉዳይን የደኅንነት ካባ አልብሶ ፖሊስ መጥራት፣ ባለሱቅ ከደንበኛው ጋር በዋጋ ሳይስማማ ሲቀር ዘበኛ ጠርቶ እንደሚያስደበድበው ነው። በሕዝብ ቀረጥ የሚከፈለው የጸጥታ ሠራተኛ የነጋዴ ውል ማስፈጸሚያ አይደለም። የመንግሥት ክንድ በስልክ የሚከራይ ከሆነ፣ ዛሬ ከወንበር ያነሳህ ነገ ከቤትህ ያነሳሃል።

መብት ደግሞ ካላወቁት የለም። በአሜሪካ ትርፍ ተሸጦ በግድ የቀረ ሰው፣ በሌላ በረራ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ የካሳ ገንዘብ ይገባዋል። ጣሪያው ከ2025 ጀምሮ እንደ መዘግየቱ መጠን 1,075 ወይም 2,150 ዶላር ነው። ኩፖን ቢሰጡት «ገንዘቤን» ማለት ይችላል፣ መብቱን የሚዘረዝር ጽሑፍም ሊሰጡት ግድ ነው። በአውሮፓ ከ2005 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ 261 መሠረት እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ነው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ላይ ሻንጣውን ይዞ ግራ የገባው ወገኔ ይህንን ይያዝልኝ። ቋንቋ ስላልሞላለት «እሺ» ብሎ ኩፖን ተቀብሎ የሚያድረው ብዙ ነው።

ለምን ይህ ነገር እንዲህ ከነከነኝ? ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመጣ፣ አንዲት እናት የተቀመጡበት ወንበር ለሌላ ሰውም ተሽጦ ተገኘ። ሁለተኛው ሰውዬ የለበሰ፣ የሚፈራ ዓይነት ነበር። ረዳቱ ዞር ብሎ «እማማ፣ ይውረዱ፣ ነገ ይሄዳሉ» አላቸው። «ልጄ፣ ትኬቴ ይኸው፤ ነገ እኮ የልጄ ሰባተኛ ቀን ነው» አሉ። ፖሊስ ተጠራ። ፖሊሱ ትኬታቸውን እንኳ አላየም። ዘምቢላቸውን አውርዶ መሬት አስቀመጠና «ይምጡ» አላቸው። አልተመቱም፣ አልደሙም። ነጠላቸውን ሰብስበው ራሳቸው ወረዱ። ከስድሳ የማናንስ ሰዎች ነበርን፣ አንዳችንም አፋችንን አልከፈትንም። እኔም ካጠገባቸው ነበርኩ። መስኮቱን አየሁ።

ቺካጎ ላይ ቢያንስ ሰው ጮኋል። «ኧረ ምን እያደረጋችሁ ነው!» ያለች ሴት ድምፅዋ ተቀርጿል። ኩባንያው፣ ከተማው፣ ምክር ቤቱ የተንቀሳቀሱት ከዚያ ጩኸት በኋላ ነው። የእኛዪቱ እናት ግን ጉዳያቸው እስከ ዛሬ ያው መናኸሪያው በር ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ኃላፊው ማነው ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። ትርፍ የሸጠው አንድ፤ ያዘዘው ሁለት፤ የጎተተው ሦስት። አራተኛው ደግሞ ወንበሩ ስላልተነካበት መስኮት መስኮቱን የሚያየው ነው። እኔ አራተኛው ነበርኩ። ወንበር ተራ አለው፤ ዛሬ ለእሳቸው የደረሰ ነገ ለኔ ነው።