ስኮትላንድ በአንድ ድምፅ አልተናገረችም

እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2016 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከስኮትላንድ ድምፅ ሰጪዎች 62 በመቶው ዩናይትድ ኪንግደም በአውሮፓ ኅብረት እንድትቆይ፣ 38 በመቶው እንድትወጣ ፈለጉ። ሠላሳ ሁለቱም የአካባቢ አስተዳደሮች በአብላጫ «እንቆይ» አሉ። በመላ አገሪቱ ግን «እንውጣ» ባዮች በ51.9 በመቶ አሸነፉ። ከዚያ ወዲህ አንድ አስተያየት ሥር ሰድዷል። ስኮትላንድ ሳትፈቅድ ከአውሮፓ ተጎትታ ወጣች፤ የመረጠቻቸው ፖለቲከኞች ግን የሕዝባቸውን ልብ ሳያዛቡ እስከ መጨረሻው አሰሙ ይባላል። የአስተያየቱ የመጀመሪያ ግማሽ በቂ መሠረት አለው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ምርመራ ስለተቀበለውም ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

«እንውጣ» ያሉት ስኮትላንዳውያን 1,018,322 ነበሩ። ከሰባት ሳምንት በፊት በተደረገው የስኮትላንድ ፓርላማ ምርጫ ገዢው የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ በክልል የፓርቲ ዝርዝር ያገኘው ድምፅ 953,587 ነው። ሁለተኛ የወጣው ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ በዚያው ዝርዝር ያገኘው 524 ሺህ ገደማ ነበር። በሕዝበ ውሳኔው ቀን የወጣው መራጭ በፓርላማው ምርጫ ከወጣው እንደሚበልጥ እርግጥ ነው። ያም ሆኖ ልዩነቱ ይናገራል። የኮንሰርቫቲቭ መራጭ አንድ ሳይቀር «እንውጣ» ብሎ ቢሆን እንኳ፣ ብዙዎቹም እንዲህ አላሉም፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ድምፅ ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት። የመጣውም ከብሔራዊ ፓርቲውና ከሌበር ፓርቲ ደጋፊዎች ነው። በጊዜው የተደረጉ መጠይቆች እንዳሳዩት ከብሔራዊ ፓርቲው መራጮች ከሦስቱ አንዱ ያህል ለመውጣት ድምፅ ሰጥቷል።

የተመራጮቹ መልክ ከዚህ ጋር አይገጥምም። ሕዝበ ውሳኔው አንድ ወር ሲቀረው የስኮትላንድ ፓርላማ በኅብረቱ መቆየትን 106 ለ 8 ደገፈ። በዌስትሚንስተር፣ በዩናይትድ ኪንግደም ፓርላማ፣ ስኮትላንድን ከወከሉት 59 አባላት መካከል በዘመቻው ወቅት በይፋ «እንውጣ» ያለ አልነበረም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2017 የመውጫውን ሂደት የሚያስጀምረው ረቂቅ ሕግ ለሁለተኛ ንባብ ሲቀርብ ከስኮትላንድ አባላት 58ቱ ተቃወሙ። የደገፈው አንዱ፣ የስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዴቪድ መንዴል፣ ራሱ «እንቆይ» ባይ የነበረና የሚኒስትርነት ግዴታ ያሰረው ሰው ነው። ከስድስት ቀን በኋላ ሆሊሩድ፣ የስኮትላንድ ፓርላማ፣ የመውጫውን ሂደት 90 ለ 34 ተቃወመ። ከ34ቱ አብዛኞቹ ኮንሰርቫቲቮች ሲሆኑ መሪያቸው ሩት ዴቪድሰን ለመቆየት አጥብቃ የተከራከረች ናት። ስለዚህ 34 የሚለው ቁጥር እንኳ «እንውጣ» ያለውን ሕዝብ አይወክልም፤ ከለንደኑ መንግሥት ጋር የቆመን ፓርቲ ነው የሚያሳየው። የብሔራዊ ፓርቲው የቀድሞ ሚኒስትር አሌክስ ኒል ለመውጣት ድምፅ መስጠቱን የተናገረው ሕዝበ ውሳኔው ካለፈ ከወራት በኋላ ነበር፤ ሌሎች የፓርቲው የፓርላማ አባላትም እንደ እሱ እንዳደረጉ ገልጾ ስማቸውን ሳይጠራ ቀረ። ከሦስት ደጋፊዎቹ አንዱ የሚያምንበትን ነገር የምክር ቤት አባል በምስጢር የሚይዝበት ፓርቲ የሕዝቡን ልብ ሳያዛባ ያሰማል ማለት ይከብዳል።

62 በመቶው ራሱ የሚታሰበውን ያህል ለኅብረቱ ፍቅር የነበረው አልነበረም። በዚያው ዓመት በተካሄደው የስኮትላንድ ማኅበራዊ አመለካከት ጥናት ከተጠየቁት ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ወይ መውጣትን ወይም የኅብረቱ ሥልጣን መቀነስን መርጠዋል። ብዙው ሰው «እንቆይ» ያለው እያጉረመረመ ነው። ይህ ማጉረምረም በስኮትላንድ የቆየ ነው። በ1975ቱ ሕዝበ ውሳኔ ከመላ ዩናይትድ ኪንግደም አባልነቱን የተቃወሙት ሁለት አካባቢዎች ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም፣ ሼትላንድና ምዕራባዊ ደሴቶች፣ የስኮትላንድ ናቸው። ብሔራዊ ፓርቲውም ያኔ አባልነቱን ተቃውሞ ቀስቅሷል። አቋሙን ገልብጦ «ነፃነት በአውሮፓ ውስጥ» የሚለውን መፈክር ያነሳው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የገለበጠበት ምክንያትም ግልጽ ነበር፤ ነፃ የምትወጣ ትንሽ አገር ብቻዋን ትቀራለች ለሚለው ስጋት የአውሮፓ አባልነት መልስ ሆኖ ተገኘ። የፓርቲው የአውሮፓ ፍቅር የነፃነቱ ጥያቄ ልጅ ነው።

የጉዳዩ ቁልፍም ይኸው ነው። ከ2014ቱ የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ ወዲህ፣ 55 በመቶው ነፃነትን «አይሆንም» ካለ በኋላ፣ የስኮትላንድ ፖለቲካ የሚሰለፈው በአንድ መስመር ግራና ቀኝ ነው፤ ነፃነት ወይስ አንድነት። መራጩ ተወካዩን የሚመርጠው በዚህ መስመር ነው። ስለ አውሮፓ ያለው ሐሳብ፣ የነፃነት ደጋፊ ከሆነ ከብሔራዊ ፓርቲው ጋር፣ የአንድነት ደጋፊ ከሆነ ከኮንሰርቫቲቩ ወይም ከሌበሩ ጋር፣ በጥቅል ይሄዳል። ነፃነትን የሚፈልግና ከኅብረቱ መውጣትን የሚደግፍ ሰው፣ እንደ ቀድሞው የፓርቲው ምክትል መሪ ጂም ሲላርስ ያለ፣ የሚመርጠው ተወካይ አልነበረውም።

በዚህ ረገድ የሰሜን ምሥራቁን ጠረፍ ያህል ግልጽ ማስረጃ የለም። ሞሪ በ2016 «እንቆይ» ያለችው በ122 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው፤ 24,114 ለ 23,992። ከጎኗ ያለችው የባንፍ ኤንድ ባካን ምርጫ ክልል ድምፁ በተናጠል ባይቆጠርም ግምቶች በአብላጫ ለመውጣት እንደመረጠች ያሳያሉ። ምክንያቱ ከባሕሩ ይጀምራል። ፒተርሄድና ፍሬዘርበርግ በዓሣ የሚኖሩ ወደቦች ናቸው። ብሪታንያ በ1973 ወደ ያኔው የአውሮፓ ማኅበረሰብ ስትገባ ውሃዋ ለሌሎች አባል አገሮች መርከቦች ተከፈተ፤ በኋላም የጋራው የዓሣ ሀብት ፖሊሲ እያንዳንዱ አገር ከየባሕሩ የሚያጠምደውን መጠን በኮታ ደለደለ። ጀልባውን ሸጦ ከሥራው የወጣው የዚያ አካባቢ አጥማጅ የጥፋቱን ምንጭ በብራስልስ ነው የሚያየው። ግማሽ ትክክል ግማሽ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ የዓሣው ቁጥር መመናመን የራሱ ድርሻ ነበረው። ሆኖም በአርባ ዓመት የተከማቸ ቅሬታ ነው፣ ባለቤቶቹም መራጮች ናቸው።

ይህን ሕዝብ ማን ወከለው? የሞሪ ተወካይ አንገስ ሮበርትሰን በዌስትሚንስተር የብሔራዊ ፓርቲው መሪ ነበር፤ እኩል በእኩል የተከፈለ ምርጫ ክልሉን ይዞ የመውጫውን ሂደት ተቃወመ። የባንፍ ኤንድ ባካኗ ኤይሊ ዋይትፎርድም እንዲሁ። በጁን 2017 ምርጫ ሁለቱም ወደቁ። ዋይትፎርድ ከሁለት ዓመት በፊት በ14,339 ድምፅ ብልጫ ያሸነፈችበትን ወንበር፣ የቀድሞው የፓርቲው መሪ አሌክስ ሳልሞንድ ከ1987 እስከ 2010 የያዘውን ወንበር፣ በ3,693 ድምፅ ተነጠቀች። ሳልሞንድ ራሱ በአጎራባቹ ጎርደን ተሸነፈ። በመላ ስኮትላንድ የፓርቲው ድምፅ ከ1,454,436 ወደ 977,569 አሽቆለቆለ።

ግማሽ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ድምፅ ከአንድ ፓርቲ ሲጠፋ ሁሉንም በአውሮፓ ማሳበብ አይቻልም። ለሁለተኛ የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ የቀረበው ጥሪ ድርሻ ነበረው፤ ቤቱ የቀረም መራጭ ብዙ ነው። በጠረፉ ላይ የሆነው ግን አያሻማም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተተካው ውክልና ነው። በሞሪ ያሸነፈው ኮንሰርቫቲቩ ደግላስ ሮስ በ2016 ለመቆየት ድምፅ የሰጠ ሰው ነው፤ ፓርቲው በስኮትላንድ የቀሰቀሰውም ከሁሉ በላይ ሁለተኛ የነፃነት ሕዝበ ውሳኔን በመቃወም ነበር። «እንውጣ» ባዩ መራጭ ሐሳቡን የሚያስፈጽምለት ሰው ያገኘው አንድነትን በመምረጥ በኩል፣ በአቋራጭ ነው። እንዲያም ሆኖ በዲሴምበር 2020 ከኅብረቱ ጋር የተደረሰው የንግድና የትብብር ስምምነት ለዓሣ አጥማጆቹ ቃል ከተገባላቸው እጅግ ያነሰ ይዞ መጣ፤ የአውሮፓ መርከቦች በብሪታንያ ውሃ ከሚያጠምዱት ሩብ ያህሉ በአምስት ዓመት ተኩል ውስጥ ቀስ በቀስ ይመለስ ተባለ። የፍሬዘርበርግ አጥማጅ ስምምነቱ ደካማ ነው፣ ባሕሩን በሙሉ አልመለሰም ብሎ ይቃወም ነበር። ስድስቱ የስኮትላንድ ኮንሰርቫቲቭ አባላት ስምምነቱን ደገፉ። የብሔራዊ ፓርቲው አባላት ተቃወሙት፤ የአጥማጁንም ቅሬታ ጠቀሱ፤ መፍትሔያቸው ግን ወደዚያው የጋራ ፖሊሲ መመለስ ነበር። ከ59ኙ የአጥማጁን አቋም ይዞ ድምፅ የሰጠ አንድም ሰው አልተገኘም።

የተለመደው መከላከያ ተወካይ የአብላጫውን ፈቃድ መፈጸም አለበት፣ አብላጫው ደግሞ በሁሉም አካባቢ ማለት ይቻላል «እንቆይ» ብሏል የሚል ነው። ይህ ለሕዝበ ውሳኔው ምሽት የሚሆን መልስ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች፣ ገበያው ምን ይሁን፣ ባሕሩ ለማን ይከፈት፣ የሰው ዝውውሩ እንዴት ይተዳደር የሚሉት፣ አዎን ወይም አይደለም የሚባልባቸው አልነበሩም። 38 በመቶው ሕዝብ ወንበር በሌለው ምክር ቤት እነዚህ ጥያቄዎች በወጉ ሊመከርባቸው አይችሉም። ወንበሮች ከድምፅ ድርሻ ጋር ሲመጣጠኑ ሥዕሉ ወዲያው መቀየሩም ይህንኑ ያረጋግጣል። በሜይ 2019ኙ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ብሬግዚት ፓርቲ በስኮትላንድ 14.8 በመቶ አግኝቶ ከብሔራዊ ፓርቲው ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ ከስድስቱ ወንበሮችም አንዱን ወሰደ። ከሰባት ወር በኋላ በዌስትሚንስተር ምርጫ ብሔራዊ ፓርቲው በ45 በመቶ ድምፅ ከ59 ወንበሮች 48ቱን ያዘ።

እስከዚህ ያለውን ተቀብሎ፣ ቢያንስ «እንቆይ» ያለው 62 በመቶ በሚገባ ተወክሏል የሚል ሊኖር ይችላል። የ2024ቱ ምርጫ ይህንንም አፈረሰው። ከመውጣቱ ወዲህ በተደጋጋሚ የወጡ መጠይቆች በስኮትላንድ የኅብረቱ ደጋፊ ከ2016 እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም ከፍ እንዳለ ያሳያሉ። ጁላይ 4 ቀን 2024 ግን ስኮትላንድ ከላከቻቸው 57 አባላት 37ቱ የሌበር ሆኑ። ሌበር በማኒፌስቶው ወደ ነጠላው ገበያ፣ ወደ ጉምሩክ ኅብረቱና ወደ ነፃ የሰው ዝውውር እንደማይመለስ አስቀምጧል። አምስት ኮንሰርቫቲቮች ሲጨመሩ ከ57ቱ 42ቱ፣ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት፣ መመለስን የማይደግፉ ናቸው። በግልጽ የሚደግፈው ብሔራዊ ፓርቲ ከ48 ወደ 9 ወረደ። መራጩ ስለ አውሮፓ ሐሳቡን አልቀየረም፤ የቀየረው ማን ኮንሰርቫቲቮችን ከለንደን ያስወጣልኝ የሚለውን ነው። ወንበሮቹ ግን የአውሮፓውን አቋምም ጠቅልለው ይዘው ሄዱ።

በጠረፉ በኩል የዚያኑ ቀን የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። የቀድሞውን የባንፍ ኤንድ ባካንን ብዙ ክፍል በያዘው አዲሱ የአበርዲንሻየር ሰሜንና ሞሪ ምሥራቅ ምርጫ ክልል ወደ ኅብረቱ መመለስን የሚደግፈው የብሔራዊ ፓርቲ ዕጩ ከሦስት አንድ ጥቂት ከፍ ባለ ድምፅ አሸነፈ፤ መመለስን የሚቃወሙት ኮንሰርቫቲቩና ሪፎርም ፓርቲው የተካፈሉት ድምፅ ሲደመር ከእሱ ይበልጣል። አብላጫው ስኮትላንዳዊ ወደ አውሮፓ መመለስ ሲፈልግ አብላጫው ወንበር የማይመለሱት ሆነ፤ መውጣትን በመረጠው ጠረፍ ደግሞ ወንበሩ የመመለስ ደጋፊ ሆነ። በ2016 እና በ2019 መካከል የተመራጩና የመራጩ አብላጫ አቋም የገጠመው ብሔራዊ ፓርቲው በነፃነቱ መስመር ስላሸነፈ ብቻ ነበር። የነፃነቱ ማዕበል ሲያፈገፍግ ግጥሙም አብሮ ሄደ።

በሜይ 2025 የለንደን መንግሥትና ኅብረቱ ግንኙነታቸውን ለማደስ ሲስማሙ የአውሮፓ መርከቦች በብሪታንያ ውሃ የሚያጠምዱበት ፈቃድ እስከ 2038 ተራዘመ፤ የስኮትላንድ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር አጥብቆ አወገዘው። የነጠላው ገበያና የነፃ ዝውውሩ በር ግን እንደተዘጋ ቀረ። ስምምነቱ ወደ ኅብረቱ መመለስን የሚሻውንም፣ ባሕሩን የሚሻውንም ስኮትላንዳዊ ሳያረካ አለፈ፤ ከስኮትላንድ ወንበሮች አብላጫውን የያዘው ፓርቲም ስምምነቱን የፈረመው መንግሥት ፓርቲ ነው።