የቤት ለቤት ሕክምና ያለ ዋስትና እንዳይቀር፦ ከሐይቅና ከአምባሰል ለመድን ሰጪዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ መድን ድርጅትና ለግል መድን ኩባንያዎች የቦርድና የሥራ አመራር አባላት፤

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከደቡብ አቸፈርና ከፎገራ ጋር የተመረጠችው ሐይቅን ዋና ከተማዋ ያደረገችው የተሁለደሬ ወረዳ ነበረች። ከዚያም አስቀድሞ በሌላው አገር ዕድር፣ በወሎ ግን ቅሬ የሚባለው ማኅበር የአንዱን ቤት ሐዘን የሁሉም ዕዳ አድርጎ ሲሸከም ኖሯል። ስለዚህ ሕዝቡ ስለ መድን ግንዛቤ የለውም የሚለው፣ በየስብሰባው የሚደጋገመው ምክንያት በሐይቅና በአምባሰል ፊት ሊቀርብ የሚገባው አይደለም።

ይህ ደብዳቤ የሚያነሣው ክፍተት የታካሚውን ሳይሆን የአካሚውን ወገን ይመለከታል። የቤት ለቤት ሕክምና ማለት ነርስ ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ ወደ ታካሚው መኖሪያ ሄዶ ቁስል የሚያጥብበት፣ መርፌ የሚወጋበት፣ የሽንት ቱቦ የሚቀይርበት፣ አልጋ ላይ የዋለን አረጋዊ የሚንከባከብበት አገልግሎት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ይህን በክፍያ የሚሰጡ ድርጅቶች ተከፍተዋል። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ከመዲናይቱ ይልቅ የሚያስፈልገው፣ ደሴ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ውጫሌ ድረስ በመኪና፣ ከዚያም ወደ አምባሰል ተራሮች በእግር ወይም በቃሬዛ ለሚመለሰው ሕመምተኛ ነው፤ ቁስሉን ለማሳጠብ ያንኑ መንገድ በየሦስት ቀኑ ውረድ ማለት አትታከም ከማለት አይለይም። በሐይቅ ወይም በውጫሌ ሁለትና ሦስት ነርሶች ተባብረው እንዲህ ያለ ድርጅት ለመክፈት ቢነሡ፣ ከፈቃዱና ከመነሻ ገንዘቡ ቀጥሎ የሚጠብቃቸው ጥያቄ ጉዳት ቢደርስ ካሳውን ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ሠራተኛው በሥራው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳትም አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ተጎጂው ክስ የሚያቀርብበትን ጊዜ በቁጥር 2143 በሁለት ዓመት ይወስናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሠራተኛ የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም ከመደበኛው የሥራ ቦታ ውጭ የሚደርስበትን አደጋ ጭምር የሥራ ላይ ጉዳት ብሎ ይቆጥራል፤ በዚህም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። እንግዲህ አንዲት ነርስ በገደል መንገድ ወድቃ ብትሰበር፣ ወይም በታካሚው ቤት መርፌ ቢወጋት፣ ዕዳው ገና ጥሪት ባልያዘው ትንሽ ድርጅት ላይ ያርፋል ማለት ነው። ድርጅቱ መክፈል ካቃተው ግን ፍርዱ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ የሚጎዱትም ነርሷና ታካሚው ናቸው።

ከመድን ሰጪዎች የሚጠበቀው ታዲያ ሦስት የታወቁ ዋስትናዎችን ለዚህ ሥራ በሚስማማ መንገድ በአንድ ውል ማጣመር ነው። የመጀመሪያው የሙያ ኃላፊነት መድን፣ ማለትም በሕክምና ስሕተት ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የሚከፍለው ነው። ሁለተኛው የሕዝብ ኃላፊነት መድን ሲሆን፣ ከሕክምናው ውጭ በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ይመለከታል፤ ይህ ዋስትና በተለምዶ የሚመዘነው በተመዘገበ ግቢ ስለሆነ፣ ግቢው የታካሚው ቤት ለሆነ ድርጅት እንደገና መጻፍ አለበት። ሦስተኛው የሠራተኞች ጉዳት ካሳ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ጥንቃቄ የሚሻው የጊዜው ጉዳይ ነው፤ አንዳንድ ውል ካሳ የሚከፍለው አቤቱታው ውሉ ጸንቶ ባለበት ጊዜ ከቀረበ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ግን ድርጊቱ በውሉ ዘመን መፈጸሙን ብቻ ይመለከታል። የተመረዘ ቁስል ያስከተለው ጉዳት ከወራት በኋላ ሊታወቅ፣ ክሱም እስከ ሁለት ዓመት ሊቀርብ ስለሚችል፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ጊዜ የማይከተል ውል አረቦኑን፣ ማለትም የመድን ክፍያውን፣ ተቀብሎ ጭንቁን ለከፋዩ የሚመልስ ውል ነው።

የመድን ሰጪዎች ስጋት ከንቱ አይደለም። ያለፈ የጉዳት መዝገብ በሌለበት አረቦን መተመን ያስቸግራል፤ በግል ቤት ውስጥ የሆነውንም ማጣራት ከባድ ነው። ለዚህ መልሱ እያንዳንዱ ጉብኝት በባለሙያውና በቤተሰቡ ፊርማ የሚመዘገብበትን ደብተር የውሉ ግዴታ ማድረግ፣ የካሳውን ጣሪያ መጀመሪያ ላይ ዝቅ አድርጎ መጀመር፣ እንዲሁም ትንንሽ ድርጅቶችን በአንድ የቡድን ውል ማሰባሰብ ነው። መድን ሰጪው የተቀበለውን አደጋ ከፊል ለሌላ ኩባንያ የሚያስተላልፍበት የጠለፋ መድንም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ ኩባንያ ይሰጣል። መንግሥት የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድንን በአዋጅ ግዴታ ሲያደርግም ዓላማው ተጎጂ ያለ ካሳ እንዳይቀር ነበር፤ ከደሴ ወደ ወልድያ በሐይቅና በውጫሌ አቋርጦ የሚያልፍ አውቶቡስ የተጠየቀውን ጥበቃ፣ መርፌና መድኃኒት ይዞ ወደ ሕመምተኛ ቤት ለሚገባ ድርጅት መንፈግ ለኅሊና የሚከብድ ነው።

ስለዚህ የሥራ አመራር አባላቱ በደሴ ያሉ የቅርንጫፍ ኃላፊዎቻቸውን ወደ ሐይቅና ወደ ውጫሌ ልከው ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ከነርሶችና ከቅሬ ዳኞች ጋር እንዲመክሩ፣ የውሉንም ረቂቅ ገበሬው በሚረዳው አማርኛ አዘጋጅተው ለተቆጣጣሪው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እንዲያቀርቡ ይህ ደብዳቤ በአክብሮት ይጠይቃል።