ጡንቻው ቢኮማተር ሕመምተኛው ተንቀሳቀሰ አይባልም

ለሳምንታት በመተንፈሻ ማሽን የሚረዳ ሕመምተኛ ጡንቻው በፍጥነት ይሟሽሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የለንደን ጥናት፣ በጠና የታመሙ ሰዎች የጭን ጡንቻ በ10 ቀን ውስጥ 18 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ለክቷል። ከሞት የተረፈ ሰው ከአልጋው መነሣት የሚያቅተው ስለዚህ ነው። ጭን ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፎ ጡንቻን ማኮማተርም በዚሁ ጭንቀት መካከል መጣ፤ በማስተኛ መድኃኒት የተኛው ሰው እንኳ ኤሌክትሪክ ስላገኘ ብቻ እንደተንቀሳቀሰ ይቆጠርለት ጀመር። ይህ ስሕተት ነው።

ተስፋው ከየት እንደመጣ እንመልከት። በ2003 በታተመው የጣሊያን ጥናት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ካለባቸውና በማሽን ከሚተነፍሱ 24 ሰዎች መካከል ኤሌክትሪክ ያገኙት የተሻለ በረቱ፤ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመዛወር የፈጀባቸው ጊዜም ከ14 ቀን ወደ 11 ገደማ አጠረ። እነዚህ ሰዎች ግን እጅና እግራቸውንም ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ የተጨመረው በዚያ ላይ ነው። በ2018 የታተመው የፈረንሳይ ኦርሌአን ጥናት ደግሞ 314 ሕሙማንን ይዞ፣ ለከፊሎቹ በተለመደው ፊዚዮቴራፒ ላይ የአልጋ ፔዳልና የጭን ኤሌክትሪክ ጨመረላቸው። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጡ የጥንካሬያቸው መካከለኛ ነጥብ ከ60 48 ሆነ፤ ያልተጨመረላቸው 51 አገኙ። ልዩነቱ ለጉዳት ማስረጃ አይበቃም፤ ጥቅም ግን አልታየም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ያበጠ እግር ኤሌክትሪኩ ወደ ጡንቻው በደንብ እንዳይደርስ ያግዳል፤ በጽኑ ሕመም የጡንቻው ሽፋን ራሱ ምላሽ መስጠት የሚያቆምበት ጊዜም አለ። ይበልጥ የደከመው ሰው ትንሹን ያገኛል ማለት ነው። የጭን መኮማተር ደግሞ ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ አያሠራም።

«ካልጎዳ ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። የፊዚዮቴራፒስቱ ሰዓት ውስን ነው፤ ኤሌክትሮድ ሲለጥፍ የዋለ ሰው ሕመምተኛ ለማስቀመጥ አይደርስም። በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የማስተኛ መድኃኒት በየቀኑ ከሚቋረጥላቸው ሕሙማን መካከል እንቅስቃሴ ቀደም ብሎ ከተጀመረላቸው 59 ከመቶው ራሳቸውን ችለው ከሆስፒታል እንደወጡ አሳይቷል፤ በተለመደው እንክብካቤ ግን 35 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2022 የታተመውና 750 ሕሙማንን የያዘው ጥናት እንቅስቃሴን ማብዛት ጥቅም እንዳላመጣ፣ አደጋም እንደጨመረ ማሳየቱ እውነት ነው። እዚያ ግን ንጽጽሩ የተደረገው ቀድሞውንም ከሚንቀሳቀሱ ሕሙማን ጋር ነው፤ መጠንን ያስተምራል እንጂ ለኤሌክትሪኩ አይመሰክርም።

ነቅቶ ለሚተባበርና ለረጅም ጊዜ ለታመመ ሰው ኤሌክትሪኩ በተጨማሪነት ይሰጥ። ለተኛው ግን ኤሌክትሮዱ ከመለጠፉ በፊት ሐኪሙ የማስተኛ መድኃኒቱ ዛሬ መቀነስ ይችል እንደሆነ ይጠይቅ።