የዓመት በዓል ማዕድና በቤት ያለ ዕቃ

የዓመት በዓል በተቃረበ ቁጥር በብዙ ከተሜ ቤተሰብ ዘንድ አንድ ዓይነት ጭንቀት ሲሰፍን ይታያል። ጭንቀቱ የዶሮው፣ የቅቤውና የሽንኩርቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ እነዚህስ የሚበሉ ናቸውና ለወጪያቸው ምክንያት አይታጣም። ይልቁንም የሳህኑ፣ የብርጭቆው፣ የጠረጴዛ ልብሱና የአበባ ማስቀመጫው ነገር ነው ሰውን እንቅልፍ የሚነሣው። በተለይም አዲስ የተጋቡ ወጣቶች፣ እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ ለብቻቸው የሚቀርቡባት የበዓል እራት ያማረች እንድትሆን ሲመኙ፣ ውበት ከሱቅ ካልተገዛ በቀር የማይገኝ ይመስላቸዋል። የእኔ እምነት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለባልና ለሚስት የሚዘረጋ የበዓል ማዕድ በቤት ውስጥ ባለና በጥቂት ገንዘብ ከአሮጌ ዕቃ ተራ በተገኘ ነገር ሲሰናዳ ከአዲሱ ይልቅ ያምራል።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ትዳር የመሠረትነው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው የጋራ በዓላችን የ1998 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነበር። እኔም ባለቤቴን ለማስደሰት በማሰብ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ ሙሉ የሳህንና የብርጭቆ ዕቃ በዱቤ ገዛሁ። በዚያች ምሽት ሁለታችንም የበላነው በሥጋት ነበር። ብርጭቆ ባነሣሁ ቁጥር ባለቤቴ በዓይኗ ትከተለኛለች፤ እርስዋ ሳህን ባስጠጋች ቁጥር እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ዕዳውን ከፍዬ የጨረስኩት ሚያዝያ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ዕቃው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሲቀመጥ፣ እኛ በየዕለቱ የምንበላው በዚያው በጎበጠው የብረት ትሪያችን ነበር። ስለዚያ እራት ዛሬ ሳስብ ከወጡ ጣዕም ይልቅ ቀድሞ የሚታወሰኝ የዕቃው ዋጋ ነው። «በሰው ወርቅ አይደምቁም» የሚለው ብሂል በዱቤ የተገዛውንም ወርቅ እንደሚጨምር ያን ጊዜ አላስተዋልኩም።

በተከታዩ ዓመት ገንዘብ አልነበረንም። ባለቤቴም ከእናቷ ቤት የመጣውን መሶብ ከቁም ሣጥን ጀርባ አውጥታ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው። ስንደዶውና አክርማው በዕድሜ ብዛት ቀለሙ ቢደበዝዝም፣ የተሰፋበት ጥበብ ግን እንዳለ ነበር። አንድ ሴት ወራት ሙሉ በወስፌ እየወጋች የሰፋችውን ዕቃ ጥግ አስቀምጦ፣ የፋብሪካ ጠረጴዛ ፍለጋ መንከራተት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የገባኝ በዚያ ምሽት ነው። መሶብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት አቀራርቦ ከአንድ ገበታ ያስቆርሳል። በሰፊ ጠረጴዛ ዳርና ዳር ተቀምጠው እየተያዩ ጨው የሚያቀባብሉ ባልና ሚስት ይህን መቀራረብ አያገኙትም።

ከመሶቡ ቀጥሎ የሚታሰበው ጨርቅ ነው። ዳሩ ያለቀ ነጠላ በየቤቱ አይጠፋም። የተቀደደውን ክፍል ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ጥበቡ እንዲታይ አድርጎ ቢዘረጉት ከማንኛውም የገበያ ጠረጴዛ ልብስ አይተናነስም። የነጭ ፈትል ባሕርይ በጎኑ ያለውን ቀለም ሁሉ አጉልቶ ማሳየት ነው፤ የዶሮው ወጥ ቅላት፣ የአይቡ ንጣት፣ የአደዩ ብጫ በነጠላ ላይ የየራሳቸውን መልክ ይዘው ይወጣሉ። እርግጥ ነው፣ የበርበሬና የቅቤ ነጠብጣብ ለነጭ ልብስ ጠላቱ ነው። ይህን የሚፈራ ሰው ከወጡ ድስት ሥር አንድ ቁራጭ የኮባ ቅጠል ያንጥፍ። ድፎ ዳቦ የተጋገረበት ቤት ቅጠሉ ስለሚተርፈው ለዚህ ሲባል የሚወጣ ገንዘብ የለም።

አበባን በተመለከተ ተፈጥሮ ራሷ ለጋስ ናት። አደይ አበባ በመስከረም በየሜዳውና በየመንገዱ ዳር ይፈካል፤ ጥቂት ሳምንታት ታይቶም ይሰወራል። ተቆርጦ ያለ ውሃ ሲቆይ ፈጥኖ ስለሚጠወልግ፣ ከምሽቱ በፊት ተለቅሞ ወዲያው ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። ለገና አደይ ስለማይገኝ የጽድ ቅርንጫፍ ይበቃል፤ ጤና አዳምም ቢሆን ለቡናው ከተቀነጠሰው ሁለት ዘንግ ቢተርፍ መዓዛው ለቤት ነው። ታዲያ አበባው በምን ይቀመጥ? እዚህ ላይ ከአባቶች ብሂል ጋር በጥቂቱ ልከራከር እወዳለሁ። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይባላል። ለጠጅ ከሆነ እውነት ነው፤ የነቃ ብርጭቆ ከንፈር ይቆርጣል፣ ስለዚህ ለመጠጫነት ፈጽሞ መዋል የለበትም። ነገር ግን አፉ የተሸረፈ ብርሌ አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ሰፊ በመሆኑ ሦስት ዘለላ አደይ ለመያዝ ከእርሱ የተሻለ ዕቃ አላየሁም። ጡቱ የተሰበረ ጀበናም እንዲሁ ነው።

ብርሃንም ሊታሰብበት ይገባል። ከጣራ ላይ የሚወርድ የኤሌክትሪክ መብራት የሰውን ፊት ያጠቁራል፤ ከዓይን በታች የተቀመጠ ሻማ ወይም ጧፍ ግን ፊትን ያለሰልሳል። ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ዙሪያውን በምስማር ተበስቶ ውስጡ ሻማ ቢቆምበት፣ ግድግዳው ሁሉ በብርሃን ነጠብጣብ ይሞላል። ቆርቆሮው እንዳይጨማደድ ከመብሳት በፊት እርጥብ አሸዋ መሙላት ይጠቅማል። ያም ሆነ ይህ ሻማው ከነጠላው ጫፍና ከተጎዘጎዘው ቄጤማ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የደረቀ ቄጤማ እሳት አይምርም።

በቤት የሌለውን ለማግኘት ደግሞ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሥፍራ አለ። መርካቶ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በውስጡ ምናለሽ ተራ የተባለው ክፍል በአሮጌ ጠርሙስ፣ በቆርቆሮና በብረታ ብረት ንግድ ለረጅም ዘመን ሲታወቅ የኖረ ነው። ወደዚያ መሄድ ያልቻለም ቁራሌው በደጁ ሲያልፍ ጠርቶ የሰበሰበውን መመልከት ይችላል። ልዋጭ እያለ የሚዞረው ነጋዴም ያረጀ ጫማና ልብስ ተቀብሎ ሳህን ይሰጣል። በዚህ መንገድ የተገኙ ሲኒዎች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ አንዱ አበባ ያለበት፣ አንዱ ሰማያዊ መስመር የተሰመረበት ይሆናል። ለሁለት ሰው ይህ ጉድለት አይደለም፤ «የእኔ ይህ ነው፣ ያንተ ያ» ለመባባል ይመቻል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ቀለም፣ ነዳጅ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብና ለመጠጥ አይሆንም። ቅቡ የተላጠ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ባለ ቀለም ሳህንም ለጌጥ እንጂ ለወጥ መዋል የለበትም።

ይህን ሁሉ «ንፉግነት ነው» የሚል አይጠፋም። አንዳንዱም በአሮጌ ዕቃ ማቅረብ ሚስትን ማቃለል መስሎ ይታየዋል። ተቃውሞው ከንቱ ነው አልልም፤ ገንዘብ እያለው ለራሱ አዲስ ልብስ ገዝቶ ለቤቱ አሮጌ ሳህን የሚያመጣ ሰው ንፉግ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በቤት ባለ ዕቃ የሚሰናዳ ማዕድ ገንዘብ አይጠይቅም እንጂ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያ ጉልበት ደግሞ በልማድ የሴቲቱ ነው። ከዋዜማው ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ዶሮ ስትገነጥል፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ስታጥብ የዋለች ሴት፣ በምሽት ደግሞ አበባ ደርድሪ ብትባል ፍቅሩ ከወዴት ይመጣል? ስለዚህ መሶቡን የሚያብሰው፣ ቄጤማውን የሚጎዘጉዘው፣ ቆርቆሮውን የሚበሳው፣ ምናለሽ ተራ ሄዶ ሲኒ የሚመርጠው ባልየው ሊሆን ይገባል። ከዚህ ውጭ ያለው ቁጠባ በሚስት ድካም የተገኘ ቁጠባ ነው።

በሁለተኛው ዓመት እራታችን ላይ እኔም ያደረግሁት ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ነበር፤ አደዩን ለቅሜ አመጣሁ፣ ሻማውንም አበራሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ ቀጥላም ከፈረሰኛው ቆርሳ አንድ ትልቅ ጉርሻ ሰጠችኝ። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» እንዲሉ፣ ውሃ እስኪያስፈልገኝ ድረስ ታነቅሁ። ውሃውን የቀዳችልኝ ባለ ወርቅ ጠርዙ ስብስብ ውስጥ በተረፈው አንድ ብርጭቆ ነበር። የቀሩት አምስቱ ከፋሲካ ወዲህ ተራ በተራ ተሰብረዋል።