777 መፍትሔ አይደለም

በጋራ በምንሠራበት ኮምፒዩተር ላይ አንድ ፋይል አልከፈት ያለ እንደ ሆነ፣ በተማሪው ዘንድ የታወቀው መድኃኒት አንድ ነው። «ሲኤችሞድ 777 በለው» ይባላል፤ ይከፈታል፤ ነገሩም ይረሳል። ይህንኑ ቀደም ያለው ለአዲስ ገቢው እንደ ዕውቀት ሲያስተምረው ማየት የሚያሳዝን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የጀመሩት ዩኒክስ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ መሣሪያ ላይ እንዲሠሩበት ያደገ ሥርዓት ነው። ፈቃዱም የተደለደለው ለዚሁ ነው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ሆነው ሲደመሩ 7 ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው አኀዝ የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የቡድኑ፣ ሦስተኛው የሌላው ሰው ሁሉ ድርሻ ነው። እንግዲህ 777 ብሎ የጻፈ ሰው፣ ወደ ፋይሉ የሚያደርሱት ፎልደሮች ካልከለከሉት በቀር፣ ማንም መጥቶ ሥራዬን ይለውጥ ብሎ ፈርሟል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ፋይልን ለማጥፋት በፋይሉ ላይ የመጻፍ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፋይሉ ባለበት ፎልደር ላይ የመጻፍና የማለፍ ፈቃድ ነው። የፋይሉ ስም የሚኖረው በፎልደሩ መዝገብ ውስጥ ነውና! ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉን 400 አድርጎ ፎልደሩን 777 ያደረገ ተማሪ፣ ሣጥኑን ቆልፎ የቤቱን በር ከፍቶ እንደ ሄደ ሰው ነው። ሌባው ሣጥኑን መክፈት አያስፈልገውም፤ ተሸክሞት ይሄዳል። (የሁሉ መጠቀሚያ የሆነው ቲኤምፒ የተባለው ፎልደር 1777 የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ያቺ 1 ቁጥር፣ ከፎልደሩ ባለቤትና ከዋናው አስተዳዳሪ በቀር፣ ማንም የሌላውን ፋይል እንዳያጠፋ ትከለክላለች።) የቤት ፎልደሩን በሙሉ 777 ያደረገማ ብዙውን ጊዜ በኤስኤስኤች ቁልፉ መግባት እንኳ ይከለከላል።

ታዲያ በኅብረት የሚሠራ ምን ያድርግ? የተረሳው መካከለኛው አኀዝ ነው። ለአምስት ጓደኞች አንድ ቡድን ተቋቁሞላቸው የጋራ ፎልደራቸው 2770 ቢሆን፣ በውስጡ የሚፈጠረው ፋይል የቡድኑን ስም ይወርሳል፤ የውጭ ሰው አይገባም። ዩማስክ የሚባለውም 002 ይሁን፤ በተለመደው 022 ከቀረ ጓደኛ የጓደኛውን ጽሑፍ ያነባል እንጂ አያርምም። አማካሪ መምህሩን ብቻ ለይቶ ለማስገባት ሴትኤፍኤሲኤል አለ። ይህ ተጨማሪ ፈቃድ ግን በሊኑክስ ላይ ከፋይሉ ጋር በተያያዘ ልዩ ባሕርይ ተጽፎ ስለሚቀመጥ፣ ሥራውን ፋት በተባለው አሠራር በተዘጋጀ ፍላሽ የሚያመላልስ ሰው እርሱንም ዘጠኙንም ፈቃዶች መንገድ ላይ ያፈስሳቸዋል።

«ቡድን የሚያቋቁመው አስተዳዳሪው ነው፤ እርሱን ደጅ ከመጥናት 777 ይሻላል» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። አቤቱታቸው እውነት አለው፤ መደምደሚያቸው ግን ስሕተት ነው። ቡድን ማቋቋም የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ተማሪ ለዚህ ሳምንት ሙሉ የሚመላለስበት ምክንያት የለም። ማኅበራችን በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ የኅብረት ሥራ ቡድኑና ፎልደሩ ከነዩማስኩ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀን በጽሑፍ ይጠይቅ። እስከዚያው ድረስ የቤት ፎልደራችሁን ዛሬ ማታ 700 አድርጉት።