ቦይለሩ አዲስ፣ ማያያዣው አሮጌ፦ ይህ ልማድ ይቁም!



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ጽዳት፣ ስለ ጥበቃና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምናነሣው ግን አንዳንዶች «ይኼም ወሬ ሆኖ!» ሊሉት የሚችሉትን ጉዳይ ነው፤ የቦይለር ቧንቧ። ንቀን ብናልፈው ለእኛም በቀለለን ነበር። ነገር ግን በዚህ ሕንፃ ውስጥ የአንዱ መታጠቢያ ቤት ወለል የሌላው ጣሪያ ነው። በላይኛው ቤት የተቆጠበችው ብር በታችኛው ቤት ፍራሽና ምንጣፍ ትከፈላለች። ስለዚህ ዝም ማለት አይገባንም።

ልማዱ የታወቀ ነው። አሮጌው ቦይለር ሲበሳ ነዋሪው ገበያ ይወጣል። ስለ ሊትሩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ዋስትናው ግማሽ ቀን ይከራከራል፤ ብዙ ሺህ ብር ከፍሎም ይመጣል። ከዚያ ባለሙያ ነኝ ባዩ ይጠራና ከአሮጌው ቦይለር ላይ የፈታውን ዝገት የበላው ኒፕልና የደረቀ ፍሌክሲብል በአዲሱ ላይ መልሶ ያስራል። በካርቶኑ ውስጥ የመጣው ሴፍቲ ቫልቭ «አያስፈልግም፣ ያንጠባጥባል» ተብሎ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ባለቤቱም ሒሳቡን ከፍሎ፣ አመስግኖ ይሸኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!

ባለፈው ክረምት በአንዱ ብሎክ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሰንብቶ በሌሊት ሲመጣ አንድ ያረጀ ፍሌክሲብል ተበጠሰ። ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። እስኪነጋ ድረስ ውሃው ሁለት ፎቅ ወረደ። የማንንም ስም አንጠራም፤ መክሰስ አይደለም ዓላማችን። ግን ጠዋት ላይ በደረጃው የሰማነው ቃል «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» የሚል ነበር። እንዴ! የእግዚአብሔር ቁጣ ሳይሆን የአንዲት ማያያዣ ስስት ነው።

ስለ ፍሌክሲብሉ እንናገር። ከውጭ የሚያብረቀርቀው የሽቦ ሹራብ ዓይን ያታልላል። ውሃውን የሚይዘው ሽቦው ሳይሆን ከውስጥ ያለው የላስቲክ ቱቦ ነው። የሽቦው ሥራ ላስቲኩ እንዳይነፋ አጥብቆ መያዝ ብቻ ነው። ላስቲክ ደግሞ በሙቀትና በክሎሪን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሽቦውም በመታጠቢያ ቤት እንፋሎትና በጽዳት ኬሚካል እየተበላ አንድ አንድ ክር ይበጥሳል። አንዲት የተበጠሰች ክር ወይም የዝገት ነጥብ ካያችሁ ዕድሜው አብቅቷል ማለት ነው። ሌሊት ላይ ተጠቃሚ ሲያንስ ደግሞ የመስመሩ ግፊት ከፍ ይላል። ፍሌክሲብል ሰው በተኛበት ሰዓት የሚበጠሰው በአጋጣሚ አይደለም።

ፍሌክሲብል ፈጽሞ አይግባ አንልም። የምንለው ቦይለሩ ሲቀየር ፍሌክሲብሉም አብሮ ይቀየር ነው። ሲገዛም ለሙቅ ውሃ የተሠራ መሆኑና የሚችለው የባር መጠን የተጻፈበት ይሁን። አቅም ላለው ከዚህ የሚሻለው ላስቲክ የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ ከማይዝግ ብረት የተሠራው የተሸበሸበ ቱቦ ነው። ይህ በተለይ ለሙቅ ውሃ መውጫው ይመረጣል፤ ምክንያቱም የሙቀት መቆጣጠሪያው ቢበላሽ በጣም የሚፈላውን ውሃ መጀመሪያ የሚቀበለው የፕላስቲክ ቧንቧ ሳይሆን ብረት ይሆናል። ማንኛውም ፍሌክሲብል ግን ተጠማዝዞ አይታሰር፣ ግድግዳ ውስጥም አይቀበር። የማይታይ ነገር ሲያፈስም አይታይም።

ሁለተኛው በደል ብረትን ከብረት ማጋጨት ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች፣ ለምሳሌ መዳብና ጋልቫናይዝድ ብረት፣ ውሃ ውስጥ ተነካክተው ሲቀመጡ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው እየተበላ ያልቃል። በዚህ ጋብቻ የሚበላው ጋልቫናይዝዱና የታንኩ ብረት ነው። «ቦይለሩ በሁለት ዓመቱ ከኒፕሉ ሥር አፈሰሰ፣ ዕቃው የማይረባ ነው» ሲባል እንሰማለን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የታንኩ ሳይሆን ያለ መለያ የተጋቡት ብረቶች ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በመካከላቸው የፕላስቲክ ወይም የላስቲክ መለያ ያለው ዩኒየን ማስገባት። አንዳንድ ቦይለሮች ይህን መለያ ከካርቶኑ ጋር ይዘውት ይመጣሉ። ባለሙያው ሲወረውረው ዝም ብላችሁ አትዩ!

ሦስተኛው ስለ ፒፒአር ነው። ፒፒአር አይዘግም፤ በአግባቡ ከተሠራ ለሙቅ ውሃ ጥሩ ቧንቧ ነው። ለሙቅ መስመር ግን ቢያንስ ፒኤን 20 የሚል የተጻፈበት ይሁን፤ ለቀዝቃዛ የተሠራውን ቀጭኑን በሙቅ መስመር ላይ መጠቀም ነገ የሚፈነዳ ዕቃ መቅበር ነው። ተራ ፒቪሲ ደግሞ ለሙቅ ውሃ ከቶ አልተሠራም። መበየጃው በ260 ዲግሪ ሞቆ የ20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ የ25 ሚሊ ሜትሩ 7 ሰከንድ ያህል ነው የሚሞቀው። ከዚያ በላይ ከቆየ የቀለጠው ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ የውሃውን መንገድ ያጠባል፤ ካነሰም አይያያዝም። ሌላም አለ። 5 ሜትር የሆነ ተራ ፒፒአር ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 37 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ቧንቧውን ቀጥ አድርጎ ከቦይለሩ ኒፕል ጋር ማሰር ማለት ኒፕሉን በየቀኑ መግፋትና መጎተት ማለት ነው። በቧንቧው ላይ እጥፋት፣ በቦይለሩ አጠገብም የሚፈታ ዩኒየን ይኑር። ያለዚያ ቦይለሩ በተቀየረ ቁጥር ቧንቧ መቁረጥ ግድ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናውና ወደ አስፈሪው ነገር እንምጣ፤ ሴፍቲ ቫልቩ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 70 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 1.7 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ታንኩ የብረት ነው፤ አይለጠጥም። ይህች 1.7 ሊትር መሄጃ ያስፈልጋታል። ቫልቩ በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ተቀምጦ፣ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 8 ባር ሲደርስ ከፈት ብሎ ትርፉን ያንጠባጥባል። ማንጠባጠቡ ብልሽት አይደለም፤ ሥራው ነው!

«የድሮው ቦይለሬ አያንጠባጥብም ነበር» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። በድሮው ላይ ውሃ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ ስላልነበረ ትርፉ ወደ መስመሩ ተመልሶ ይሄድ ነበር። ከአዲሶቹ ሴፍቲ ቫልቮች ውስጥ ብዙዎቹ ግን ማገጃውንም አብረው ይዘዋል። ውሃው ወደ ኋላ መሄድ ስለማይችል በቫልቩ ይወጣል። ይህን ያልተረዳ ሰው ጠብታውን ሲያይ ይደነግጣል፤ ያልተማረ ሠራተኛ ደግሞ በቡሽና በቴፍሎን ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቦይለር ሳይሆን ቦምብ ነው። በ8 ባር ግፊት፣ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር በምትሆን የታንኩ ገላ ላይ ብቻ ከ800 ኪሎ በላይ ይጫናል። መቆጣጠሪያው ከተበላሸ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በድስት በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ውሃ፣ በታፈነ ታንክ ውስጥ ሳይፈላ ከዚያ እጅግ በላይ ይሞቃል። ታንኩ ሲቀደድ በአንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ይህን የሚችል ግድግዳ የለንም።

ደግሞም በቫልቩና በታንኩ መካከል መዝጊያ አይገባም። መዝጊያው ከቫልቩ በፊት፣ በቀዝቃዛው መስመር ላይ ይሁን። ከቫልቩ አፍ ላይ ትንሽ ቱቦ ተደርጎ ጠብታው ወደ ወለሉ መውረጃ ይመራ፤ የቱቦው ጫፍ ግን ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ምላሷም በወር አንድ ጊዜ ከፍ ተደርጋ ትፈተሽ፤ ካልተነካች በካልሲየም ትደርቃለችና። ቦይለሩ ጠፍቶም ሳያቋርጥ የሚያፈስ ከሆነ ወይ ቆሻሻ ገብቶበታል፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ማጠብ ወይም ግፊት መቀነሻ መግጠም እንጂ መድፈን አይደለም።

ማገጃው ሌላም ጥቅም አለው። እኛ ውሃ በፈረቃ የምናገኝ ሰዎች ነን። መስመሩ ባዶ ሲሆንና አንዱ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍቶ ሲተው፣ ማገጃ የሌለው ታንክ ውሃውን ወደ መጣበት ይመልሳል። ባለቤቱ ማብሪያውን ሲጫን ማሞቂያው በደረቅ ይቃጠላል። ስለዚህ ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ መፍሰሱን ማየት፣ ከዚያ ማብራት ይገባል።

አንዲት ነገር እንጨምር። አሮጌውን የብረት ቧንቧ በፒፒአር የምትለውጡ፣ የመሬት ሽቦችሁን አስመርምሩ። አንዳንድ ቤት የመሬት ሽቦው በውሃ ቧንቧው ላይ ነው የታሰረው። ቧንቧው ፕላስቲክ ሲሆን መሬቱም አብሮ ይጠፋል። ይህ የሚታወቀው ሰው ሻወር ስር ሲቆም እንዳይሆን!

አሁን ለተቃዋሚዎቻችን መልስ እንስጥ።

«በቤቴ ምን አገባችሁ?» ይባላል። የቤቱ ውስጥ የእርስዎ ነው፤ ግድግዳው፣ ወለሉና ዋናው ቧንቧ ግን የሁላችን ነው። ስለ ጋራ ሕንፃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግሉንና የጋራውን የለየው ለዚሁ ነው። ውሃዎ ከበርዎ ወጥቶ ከታች ከሄደ በኋላ «የግሌ ነው» ማለት አይቻልም።

«እስካሁን ምን ሆነ?» ይባላል። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ዛሬ ጠብታ፣ ነገ የረጠበ ግድግዳ፣ ከነገ ወዲያ የወደቀ ኮርኒስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች የተናገሩት ለእኛ ነው።

«ገንዘብ የለም» ይባላል። ይህኛው እውነት ነው፤ አንሳለቅበትም። ግን ቦይለሩን ለመግዛት የተገኘ ገንዘብ ለማያያዣው ለምን ይጠፋል? የሁለት ፍሌክሲብልና የአንድ መለያ ዋጋ ከቦይለሩ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ከጎረቤት ካሣ ጋር ሲተያይማ ከቁጥርም አይገባ።

«ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም» ይባላል። አከራይ ወገኖቻችንን እዚህ ላይ በግልጽ እንናገራቸዋለን፤ ኪራይ መቀበል ብቻ ባለቤትነት አይደለም። የቦይለሩን ማያያዣ ወጪ በተከራይ ጫንቃ ላይ መጣል ነውር ነው። ተከራዮችም ብትሆኑ ጠብታ ስታዩ «ይብላኝለት ለባለቤቱ» ብላችሁ አትለፉ፤ ስር የሚተኙት የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው።

«ባለሙያው ያውቃል» ይባላል። የሚያውቅ ባለሙያ አለ፤ እጁ ይባረክ፣ ዋጋውም አይሸራረፍበት። ነገር ግን ሴፍቲ ቫልቭ የሚደፍን ሰው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ባለሙያ አይባልም። ጠይቁት፤ «ማገጃው የት ነው? መለያው የት ነው?» በሉት። የሚያውቅ ያሳያችኋል፤ የማያውቅ ይቆጣችኋል።

ስለሆነም በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተሉት ውሳኔ እንዲሆኑ እንጠይቃለን፦

1ኛ. ቦይለር የሚቀይር ነዋሪ ሁሉ ማያያዣውን አብሮ ይቀይር፤ አሮጌ ፍሌክሲብል መልሶ አይሰር።

2ኛ. ሴፍቲ ቫልቭ የሌለው ወይም የተደፈነበት ቦይለር እስኪስተካከል ድረስ ከኤሌክትሪክ ይነቀል።

3ኛ. በየቤቱ የውሃ መዝጊያ ይሥራ፤ ከቤት የሚርቅ ሰው ዘግቶ ይሂድ፣ ቁልፍ የሚይዝ ጎረቤትም ይንገር።

4ኛ. ማኅበሩ ከነዋሪው መካከል ሙያ ያላቸውን አስተባብሮ አቅም የሌላቸውን አረጋውያን ቤት በነፃ ይፈትሽ።

ውሳኔው እስኪደርስ ግን አንጠብቅ። ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት እያንዳንዳችን ወደ ቦይለራችን ቀና ብለን እንይ። ፍሌክሲብሉን በእጅ እንዳብስ፣ ቫልቩን እንፈልግ። ደህና ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ማብሪያውን አጥፍተን፣ ጠዋት የሚያውቅ ሰው እንጥራ።

የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ