ኢማናችን የኳንተም ምስክርነት አያሻውም



«ኳንተም ፊዚክስ ቁርኣንን አረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም በየጊዜው ይመጣል። በደቂቃዎች ውስጥ በየግሩፑ ይዳረሳል፤ ጥናቱን ማን ሠራው፣ የት ታተመ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ ይህ ልማድ ለዲኑም ለዒልሙም አይበጅም እንላለን። የሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ነገ ሊሻሻል ይችላል። ኢማኑን በእርሱ ላይ ያቆመ ተማሪ ያኔ ምን ሊይዝ ነው?

ይልቅ ከሙስሊሙ ዓለም የወጡ ሰዎች ላቦራቶሪ ገብተው የሠሩትን ብናይ ይሻላል። አዚዝ ሳንጃር ቱርክ ውስጥ ሳቩር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፊደል ካልቆጠሩ ወላጆች ተወለዱ። ኢስታንቡል ሕክምና ተምረው፣ ጥቂት ጊዜ በሐኪምነት ሠርተው ወደ አሜሪካ ሄዱ። የያዙት ጥያቄ ሲሰሙት ትንሽ ነው፦ በአልትራቫዮሌት ጨረር ሊሞት የደረሰ ባክቴሪያ ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኝ እንዴት ያገግማል? ሥራውን የሚሠራው ፎቶላይዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ብርሃኑን ይቀበልና ለተጎዳው ዲኤንኤ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፤ ጉዳቱ ይጠገናል። ሳንጃር የዚህን ኢንዛይም ጂን ለይተው አወጡ። ብርሃንና ኤሌክትሮን ሲገናኙ የሚሆነውን ደግሞ ያለ ኳንተም ፊዚክስ ማስረዳት አይቻልም። ኳንተም ለተመራማሪ እንዲህ ያለ የሥራ መሣሪያ ነው።

ዶክትሬታቸውን ይዘው ሦስት ቦታ አመለከቱ፤ ሦስቱም አልተቀበሏቸውም። ዬል ዩኒቨርሲቲ በላብ ቴክኒሻንነት ተቀጠሩና ጥናታቸውን ቀጠሉ። እዚያም ያለ ብርሃን የሚሠራውን ሌላውን ጥገና፣ ማለትም ኢንዛይሞች የተጎዳውን የዲኤንኤ ክፍል ግራና ቀኙን ቆርጠው እንደሚያወጡት፣ አሳዩ። ይህ ጥገና በተፈጥሮ የጎደለው ሰው ፀሐይ ብቻዋን ለቆዳ ካንሰር ታጋልጠዋለች። በ2015 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። የመመረቂያ ጥናት ወቅት ሲደርስ ዳታ ፈጥሮ መሙላት፣ የሲኒየር ጽሑፍ ላይ ስም ቀይሮ ማስገባት እንደ ብልጠት ሲወራ እንሰማለን። ይህ ኺያና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ያልተለካ የደም ግፊት ቁጥር ጽፎ የተመረቀ የጤና ተማሪ ነገ ታማሚ ፊት ይቆማል።

ስለዚህ ጀመዓው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ አንድ የታተመ ጥናት አብሮ እንዲያነብ ሐሳብ እናቀርባለን። የሕክምና፣ የባዮሎጂና የፊዚክስ ልጆች አንድ ላይ ቢቀመጡ ነው የምንፈልገው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ የፊዚክስ እህቶቻችን ቢመርጡልን ደስ ይለናል።